ለነፋስ ክፍት፣ ለጥርስ ዝግ፦ የአሥራ ሁለት ዶሮዎች ቤት በጎንደር

አክስቴ የምትኖረው ማራኪ ሰፈር ነው። ግቢዋ ሰፊ የሚባል አይደለም። ከፊት ሁለት የኪራይ ክፍሎች አሉ፣ ከኋላ ማድ ቤቷ፣ በማድ ቤቱና በድንጋይ አጥሩ መካከል ደግሞ አንዲት ጥግ መሬት ትተርፋለች። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በዚያች ጥግ ዶሮ ላርባ ብላ ስትነሳ ያማከረችው እኔን ነው። ከቤተሰቡ በእንስሳት እርባታ የተመረቅሁ እኔ ብቻ ነኛ! ከዚህ በታች ያለው በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሠርቶ ሁለት ጊዜ የከሸፈ የአንድ ዶሮ ቤት ጉዳይ ነው። ከሁለቱ ክሽፈቶች አንዱ የእኔ ምክር ውጤት ስለሆነ እሱንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

ዶሮ ለአክስቴ አዲስ ነገር አልነበረም። እናቷ ቤት ዶሮ የሚያድረው ማድ ቤት ውስጥ፣ ቆጥ ላይ ነበር። ማታ ሲመሽ ራሳቸው ይገባሉ፣ በሩ ይዘጋል፣ አለቀ። አዲስ የነበረችው ዶሮዋ ናት። አክስቴ የገዛችው ቦቫንስ ብራውን የሚባለውን የውጭ ዝርያ፣ የሦስት ወር ቄብ ነው። የሀበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው፤ ቦቫንስ ግን መኖዋ ካልጎደለና በደንብ ከተያዘች እስከ 300 ትደርሳለች። ይኼን ሁሉም ሰው ያወራዋል። የማይወራው ሌላው ነው፦ የሀበሻ ዶሮ ሌሊት ኮሽ ሲል ነቅታ ጣሪያ ላይ ወይም ዛፍ ላይ ትወጣለች፣ ቦቫንሷ ግን ባለችበት ኩምትር ብላ የመጣውን ትጠብቃለች። ስለዚህ የሀበሻ ዶሮ በክንፏና በንቃቷ የምትሠራውን ሥራ ለቦቫንስ የሚሠራላት ቤቷ ነው።

በቁጥሩ ላይ ትንሽ ተከራክረናል። እሷ ሠላሳ ብላ ነበር። አንድ ዶሮ በቀን ከመቶ ግራም በላይ ኩስ ትጥላለች። ሠላሳ ዶሮ ማለት በየቀኑ ከሦስት ኪሎ በላይ ነው፣ ያውም ከተከራዮቹ መስኮት አሥር እርምጃ በማይሞላ ቦታ ላይ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ እንቁላል ፈላጊው ይሳሳል፤ ዶሮዋ ግን አትጾምም። ያን ሁሉ እንቁላል የት ታደርጊዋለሽ ስላት ዝም አለች። አሥራ ሁለት ላይ ተስማማን። «እንደ ዶሮ ብልት አሥራ ሁለት አደረግኸኝ» ብላ ሳቀች።

ለቤቱ መጀመሪያ ዓይኗ የገባው የብረት ኬጅ ነበር። አንድ ብየዳ ቤት በር ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ተሠርቶ ቆሞ አይታዋለች። ቀለሙ ያምራል፣ እንቁላሉ እየተንከባለለ ወደፊት ይመጣል፣ ኩሱ በሽቦው ወለል ወደ ታች ይወርዳል። እውነት ለመናገር ኬጅ ጥቅም አለው። ዶሮዋ ኩሷን ስለማትረግጥ እንደ ኮክሲዲዮሲስ ያለው የአንጀት በሽታ ይቀንሳል። ነገር ግን ኬጅ ዕቃ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ዝናብ አይከልልም፣ ነፋስ አይመልስም፣ ዙሪያውን ሌላ ቤት ይፈልጋል። አክስቴ ያንን ቤት የላትም። ዋጋው ደግሞ ከአሥራ ሁለቱም ቄቦች ዋጋ ይበልጥ ነበር። ተወችው።

እናም የመጀመሪያው ቤት ከአሮጌ የዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ተሠራ። ትልቅ ሳጥን ነው ማለት ይቻላል። መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱ በተለመደው ባለ ስድስት ማዕዘን የዶሮ ሽቦ ተወጠረ፣ ከላይ ሁለት ቆርቆሮ ተጋደመበት። የሠራው የሰፈር ልጅ ነው፣ በአንድ ቀን ጨረሰው። ቀን ሲያዩት ምንም አይወጣለትም ነበር። ብርሃን አለው፣ ነፋስ አለው፣ ዶሮዎቹም ወደውታል።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን ንጋት ላይ ደወለችልኝ። ስደርስ ሦስት ዶሮ ሞቷል። ሁለቱ አንገታቸው ተነክሶ ጥጉ ላይ ተኝተዋል፣ ከሥጋቸው የተነካ የለም። ሦስተኛዋ ሽቦው ሥር ነበረች፣ አንገቷና ደረቷ ተበልቷል። ሽቦው አልተቀደደም፣ በሩም እንደተዘጋ ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ አንዱ ድመት ነው ይላል፣ አንዱ ጅብ ነው ይላል። ጅብ ቢሆን ሳጥኑን ገለባብጦ ዶሮዋን እንዳለች ይዟት ይሄድ ነበር። ድመት ደግሞ ጫጩት እንጂ ለአካለ ዶሮ የደረሰችን በአንድ ሌሊት ሦስት አትጥልም። ከአጥር ማዶ የሚኖሩ አንድ አዛውንት መጡና ሳጥኑን ሳይሆን ጣሪያውን ተመለከቱ። ቆርቆሮው ላይ የደረቀ፣ ጠጉርና የፍሬ ዘር የተቀላቀለበት ኩስ ነበር። «ሸለመጥማጥ ነው ልጄ» አሉኝ። «የሚበላው አንድ፣ የሚገድለው ያገኘውን።»

የገባበትን ስንፈልግ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። በመጨረሻ ያገኘነው ቆርቆሮውና የፊቱ አግዳሚ እንጨት በሚገናኙበት ላይ ነው። ቆርቆሮ ሞገድ አለው፤ ቀጥ ያለ እንጨት ላይ ሲጋደም በእያንዳንዱ ሞገድ ሥር ሁለት ጣት የምታስገባ ቀዳዳ ትተርፋለች። ከጫፉ አንዱ ሞገድ ሲጫን ታጥፎ ኖሮ ቀዳዳው አራት ጣት ሆኗል። ጠርዙ ላይ ሦስት አራት ግራጫ ጠጉር ተሰክቶ ቀርቷል። ሸለመጥማጥ ሰውነቱ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ጭንቅላቱ ከገባ ቀሪው ይከተላል። እኛ ቀን ቀን ስናየው የነበረው የፊቱን ሽቦ ነው፣ እሱ ሌሊት የሚያየው ጣሪያውን ነው።

እዚህ ላይ ነው የእኔ ጥፋት የሚመጣው። ደንግጬ ስለነበር «ምንም ክፍተት አይቅር» አልኩ። ሳጥኑ ዙሪያውን በጣውላ ተመታ። የቆርቆሮው ሞገድ በማዳበሪያ ጨርቅ ተወተፈ። የፊቱ ሽቦ ላይ ሸራ ተጋረደበት። ለአየር የቀረችው የደብተር ስፋት ያላት አንዲት መስኮት ናት፣ እሷም በወፍራም ሽቦ። ሸለመጥማጡ ተመልሶ መጥቶ ጣሪያው ላይ ሲራመድ አክስቴ ሰምታዋለች፣ መግባት ግን አልቻለም። ክረምት እስኪገባ ድረስ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛውም ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወርድ ነው። በ2015 ሐምሌ አጋማሽ ከዘጠኙ ዶሮዎች በቀን ሰባት እንቁላል ይገኝ የነበረው ወደ ሦስት ወረደ። ዶሮዎቹ ያስነጥሳሉ፣ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ሁለቱ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ሰፈሩ ወዲያው «ፈንግል ገባ» አለ። ቶሎ አርዳችሁ ብሉ የሚል ምክርም አልጠፋም። አክስቴ ቢላ ልታስል ምንም አልቀራትም።

ፈንግል መሆኑን ተጠራጠርኩ። ቢሾፍቱ የሚመረተውን የፈንግል ክትባት ወስደዋል፤ በየሦስት ወሩ በውሃ የሚሰጠውንም አላቋረጥንም። ፈንግል ሲገባ ደግሞ አረንጓዴ ተቅማጥ አለው፣ አንገት ይጠመዝዛል፣ እግር ያሽመደምዳል፣ ከምንም በላይ በቀናት ውስጥ ይፈጃል። የእኛዎቹ አሥር ቀን አስነጥሰው አንድም አልሞተም። ቢሆንም አንድ የማውቀውን የእንስሳት ሐኪም ለመንኩትና መጣ።

ሐኪሙ ዶሮ አልያዘም። በሩን ከፈተና «ና ቁጭ በል» አለኝ። ቁጢጥ ስል አፍንጫዬ ዶሮዎቹ ከሚቆሙበት ልክ ላይ ደረሰ። ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኔ ተቃጠለ። ቆሜ ሳለሁ ያልሸተተኝ አሞኒያ ጉዝጓዙ አጠገብ በርትቶ ነበር። ቀጥሎ ከጉዝጓዙ አንድ እፍኝ አነሳና ጨመቀው። መዳፉን ሲከፍት ሰጋቱራው እንደ በሶ ጭብጦ ተጣብቆ ቀረ። ደረቅ ጉዝጓዝ ሲጨመቅ ትንሽ ይያያዝና ሲለቁት ይበተናል። ይኼኛው ጭቃ ነው። ጣሪያውን ቀና ብሎ አሳየኝ፤ የቆርቆሮው ሆድ በላብ ነጠብጣብ ተሞልቷል። ዝናብ ያስገባ መስሎኝ ነበር። ዝናብ አልነበረም፣ የዶሮዎቹ እስትንፋስ ነው።

ሒሳቡን ቀድሜ ልሠራው ይገባኝ ነበር። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ወደ ሩብ ሊትር ውሃ ትጠጣለች። ዘጠኝ ዶሮ ከሁለት ሊትር በላይ ነው። ጥቂቱ በእንቁላሉ ይወጣል፣ ቀሪው ግን በኩስና በትንፋሽ እዚያው ቤት ውስጥ ይፈሳል። በየቀኑ ሁለት ሊትር ውሃ የሚደፋበትን ቤት በደብተር መስኮት ላደርቀው ነበር ያሰብኩት። እርጥቡ ኩስ ሲብላላ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያው ዓይንና ሳንባ ይልጣል፣ የቀረውን ማንኛውም ተላላፊ ጉንፋን ይጨርሰዋል። ለአካለ ዶሮ የደረሰች ዶሮ የጎንደርን ብርድ ትችለዋለች፤ ላባዋ ደረቅ እስከሆነና ነፋስ በቀጥታ እስካልገረፋት ድረስ ኅዳርና ታኅሣሥም አይገድላትም። የሚገድላት እርጥበት ነው። እኔ ብርድና ሸለመጥማጥ ስጠብቅ በእርጥበቱ ልፈጃቸው ነበር።

በዚያው ቀን ሸራው ወረደ፣ ከላይኛው ጣውላ ግማሹ ተነቀለ፣ በቦታው ለጊዜው የተገኘ ሽቦ በድርብ ተመታ። ጉዝጓዙ ተዝቆ ወጣ። ሐምሌ ላይ ደረቅ ጭድ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ከእንጨት ቤት ሰጋቱራ በማዳበሪያ አመጣን። በሳምንት ውስጥ ማስነጠሱ ቀለለ፣ በሦስት ሳምንት ዓይናቸው ጠራ። እስከ መስከረም ግን አክስቴ ሌሊት ሌሊት እየወጣች ጣሪያውን ታያለች፣ እንቅልፍ አጣች።

ሦስተኛው ቤት የተሠራው በ2016 ጥቅምት ነው። መስከረም ላይ ሊጀመር ታስቦ መንገዱ እየተከፈተ እየተዘጋ ሽቦው ዘገየ። አናጺው ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። ምን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ «ለነፋስ ክፍት፣ ለጥርስ ዝግ» አልኳቸው። «ተረት ነው ቤት?» አሉኝና ሥራቸውን ጀመሩ።

ወለሉ 2.4 ሜትር በ1.5 ሜትር ነው። ለአሥራ ሁለት ዶሮ ሲካፈል ለአንዷ 0.3 ካሬ ሜትር ይደርሳታል። ቀን ግቢ ውስጥ ስለሚውሉ ይበቃል፣ ሙሉ ቀን ለተዘጋባት ዶሮ ግን አልመክረውም። ቤቱ በስድስት የባሕር ዛፍ ቋሚ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሏል። ቋሚዎቹ ከታች ለምስጥ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ጠጥተዋል፣ ከመሃላቸው ደግሞ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ የተገለበጠ ሾጣጣ ተደርጎላቸዋል፤ አይጥ ወጥታ ወጥታ እዚያ ስትደርስ ትመለሳለች። ለሸለመጥማጥ ይኼ ከንቱ ነው። እሱ ከአጥሩ ዘሎ ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ይውረድ፣ ዋናው ነገር እዚያው ይቅር።

ከሁሉም በላይ ያሰብንበት ግድግዳው ነው። በአክስቴ ግቢ ዝናብ የሚገርፈው ከምዕራብ ነው፤ ስለዚህ የምዕራቡና ወደ አጥሩ የዞረው የኋላ ግድግዳ ከወለል ጀምሮ በጣውላ ተዘጋ፣ ከጣሪያው ሥር ግን 20 ሳንቲ ሜትር ክፍት ተተወለት። የፊቱ ግድግዳ እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ነው፣ ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ክፍት። ክፍቱ ሁሉ የተሸፈነው በተበየደ፣ ቀዳዳው 12 ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ ነው። ተራው የዶሮ ሽቦ ዶሮን ከውስጥ ይይዛል እንጂ ጠላትን ከውጭ አይመልስም፤ በጥርስ ይላላል፣ ጥፍርም ያሳልፋል። የተበየደው በዋጋ ከእጥፍ በላይ ነው፣ ግን ላይኛውን ብቻ ስለሸፈንን ብዙ አልጠየቀንም። በሚስማር ብቻ አልተመታም፤ ጠርዙ በሙሉ በሞራሌ ቁራጭ ተጨቁኖ ነው የተያዘው። ክዳኑ በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ስላለ ዝናቡ ሽቦው ጋ አይደርስም። ከቆርቆሮው ሥር የማዳበሪያ ኮርኒስ ተወጥሯል፣ ላቡ እንዳይንጠባጠብ።

ቆጡ ከኋላው ግድግዳ ተጠግቶ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ነፋሱ ከፊት ገብቶ ከኋላ ሲወጣ በጭንቅላታቸው ላይ ያልፋል እንጂ አይመታቸውም። ጋሼ መጀመሪያ ልጡ የተላጠ ክብ አጣና አድርገውበት ነበር፣ ያንሸራትታል። በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ ተተካ፣ ጠርዙ በመላጊያ ተድቦለቦለ። 2.4 ሜትር ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ለአንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ልክ ነው። ከቆጡ ሥር እንደ መሳቢያ የሚወጣ ላሜራ ገብቷል፤ ዶሮ ከኩሷ ግማሽ የሚሆነውን የምትጥለው ሌሊት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ላሜራውን መድፋት ብቻ የጉዝጓዙን ዕድሜ ያረዝመዋል። የእንቁላል መጣያው ሦስት ሳጥን ነው፣ 30 በ30፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ ጨለምለም ያለ ጥግ ላይ። ከቆጡ ከፍ ቢል ኖሮ እዚያው ይተኙበት ነበር።

መብራት ይግባለት ወይ የሚለውም ተነስቶ ነበር። ጎንደር ላይ ቀኑ ክረምት ከበጋ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ብዙም አይርቅም፣ እንቁላል ጣይ ደግሞ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ብታገኝ ትወዳለች። ነገር ግን መብራቱ ማታ ድንገት ሲጠፋ ዶሮዎቹ ቆጥ ሳይወጡ መሬት ላይ ይቀራሉ። አክስቴ «የሚጥሉትን ይጣሉ» አለች፣ ተውነው።

ሥራው አለቀ የተባለ ቀን ዶሮ አላስገባንም። እስኪጨልም ጠበቅን። እኔ ውስጥ ገብቼ የስልኬን ባትሪ አበራሁ፣ ጋሼ ከውጭ ዞሩ። በሽቦው በኩል ብርሃኑ እንደ ወንፊት ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው፤ ያልተገጠመ ቦታ ላይ ግን እንደ ቢላ ስለት ይታያል፣ አይሳትም። «እዚህ ጋ ኮከብ አለች» ይላሉ ጋሼ፣ በጠመኔ ያከብቡታል። ሰባት ተገኘ። አምስቱ የቆርቆሮው ሞገድ ሥር ናቸው፣ አንዱ የላሜራው መሳቢያ ጎን ላይ፣ አንዱ በሩ ማጠፊያ ሥር። ቀን ሁለታችንም ሁለት ሦስቴ ያየናቸው ቦታዎች ናቸው። በሽቦ ቁራጭ ተደፈኑ፣ በጨርቅ አይደለም።

ሦስት ቄብ ተጨምሮ አሥራ ሁለት ሞላ። ሸለመጥማጡ በዚያው ወር መጥቷል፣ ቆርቆሮው ላይ ፊርማውን ትቶ ሄዷል።

በሚያዝያ ግን ሌላ ነገር መጣ። ዶሮዎቹ ማታ አንገባም አሉ። በር ላይ ተሰብስበው ይቆማሉ፣ ሁለቱ ማድ ቤቱ ጣሪያ ላይ ማደር ጀመሩ። ቤቱ ደረቅ ነው፣ አይሸትም፣ ቀን ብንፈትሽ ምንም የለም። አክስቴ ናት የገባት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነጭ ወረቀት ይዛ ወጣችና በቆጡ ሥር፣ ሞራሌው ከግድግዳው በሚገናኝበት በኩል አሸችበት። ወረቀቱ በቀይ ተዥጎረጎረ። ቅንቅን ነው። ቀን ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል። እዚህ ላይ የጋሼ አሠራር አዳነን፤ ቆጡ አልተመታም ነበር፣ የሚነሳ ነው። ወጣ፣ የፈላ ውሃ ተደፋበት፣ ፀሐይ ላይ ዋለ። የማረፊያው ስንጥቅም በፈላ ውሃ ተለበለበ። በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ ተደገመ፣ የቅንቅኑ እንቁላል እየተፈለፈለ ስለሚመለስ አንድ ጊዜ አይበቃም። የአመድ መታጠቢያም ተጨመረላቸው። «የእናቴ ማድ ቤት ቅንቅን አልነበረም፣ ጭስ ነበረ» አለችኝ፣ እኔን የምትወቅስ ይመስል።

መውቀሷስ ነበረባት፣ በሌላ ጉዳይ። የማጽጃው በር ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ያንን ልክ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ እንጨት ለመቆጠብ። ጉዝጓዝ በተቀየረ ቁጥር ጉልበቷን የሚያማት ሴት አጎንብሳ ትገባለች። «ለዶሮዎቹ አሰብክ፣ ለእኔ ማን ያስብ?» አለችኝ አንድ ቅዳሜ። ጋሼ ተጠርተው መጡ። ከኋላ ግድግዳው የታችኛው ሁለት ጣውላ ተነቅሎ በማጠፊያ ወደ ላይ እንዲከፈት ተደረገ። አሁን ውጭ ቆማ፣ በረጅም እጀታ መቧጠጫ ጉዝጓዙን ወደ ራሷ እየሳበች ማዳበሪያ ውስጥ ትሞላለች። ማጠፊያው በገባበት ማታ ጋሼ ቡናቸውን ሳይጨርሱ «ባትሪህን አምጣ» አሉኝ፤ አንዲት ኮከብ ተገኝታ ተደፈነች።